ቦጋለች አላጨስም አለች

ጆሮ አላችሁ? እስቲ ጎተት አድርጉት! ገና ነው፤ ይበልጥ ጎትቱት! ይህ ታሪክ በትንሽ ጆሮ አይገባም።

እንደ ሰፌድ ሰፋ? ጎሽ! እንግዲያው ተሳፈሩ፤ ተነሣን።

ችክ ችክ! ችክ ችክ! ጡጡጡት!

ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ዛፍ የበዛበት ሰፈር፣ ቢፍቱ የምትባል ልጅ ነበረች።

ቢፍቱ ስትቀመጥ እግሯ ይዘላል። እግሯን ስትይዘው እጇ ይዘላል። እጇን ስትይዘው ምላሷ ይዘላል።

እሳት ላይ እንዳለ ቆሎ፦ ጣ! ጣ! ጣ!

አንድ ቀን ብቻ ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሰፈሩ ሁሉ «ቢፍቱ ታማለች» ብሎ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። ለካ ቀሚሷን ምስማር ይዞት ነው!

አያቷ አባባ ንጋቱ ደግሞ ድሮ የትልቁ ባቡር ነጂ ነበሩ።

ጡረታ ሲወጡ ትልቁን ባቡር ወደ ቤት ሊያመጡት ፈለጉ። ገፉት፣ ገፉት፤ በበሩ አልገባም አለ። ስለዚህ ትንሿን ይዘው መጡ።

ትንሿ ባቡር ጥቁር ናት። ርዝመቷ አንድ ዳቦ ያህላል። መንኮራኩሮቿ ቀይ ናቸው። አናቷ ላይ እንደ አውራ ጣት ቀጥ ያለ ጭስ ማውጫ አላት።

ስሟ ቦጋለች ነው። አሮጊት ናት፤ ግን እንዳትነግሯት።

ማታ ማታ ቦጋለች በልጆቹ አልጋ ዙሪያ ሐዲዷን ይዛ ትዞራለች። ችክ ችክ! ችክ ችክ!

ከአናቷም ነጭ ጭስ ይወጣል። ፑፍ! ፑፍ! ፑፍ!

የቢፍቱ ታናሽ ወንድም ኦብሳ ጭሱን ያያል። «ደህና እደሪ፣ ቦጋለች» ይላል። ከዚያ ዐይኑ… ክድን!

አንድ ማታ ግን ቦጋለች ዞረች፣ ዞረች፤ ችክ ችክ! ችክ ችክ! ጭስ ግን… የለም።

«ጭሱስ?» አለ ኦብሳ።

«ነገ ታጨሳለች። ተኛ፣ የኔ ጌታ» አለች እማዬ።

«ጭሱስ?»

«ደክሟት ነው።»

«ጭሱስስስስ?» ዋዋዋዋዋ!

ኦብሳ አለቀሰ። እንዴት እንዳለቀሰ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሐረር ያሉ ጅቦች ጆሯቸውን በእግራቸው ደፈኑ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ «ጥሩምባ ተነፋ፤ ልሂድ» ብሎ ካፒቴኑን ጥሎ ወጣ።

በማግሥቱም ማታ ጭስ የለም። ዋዋዋዋዋ!

ከዚያም ወዲያ ጭስ የለም። ዋዋዋዋዋ!

እማዬ እንቅልፍ አጣች። ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረች። ወጥ ውስጥ ስኳር ጨመረች። ጫማዋን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችና፣ ወተቱን ልትጫማው ስትል ቢፍቱ ያዘቻት።

ጎረቤታቸው አዴ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ዐይናቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ይህ ልጅ ዛሬም ካልተኛ፣ ማታ እኔ ነኝ የማለቅሰው! የኔን ለቅሶ ደግሞ አታውቁትም!»

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «አባባ፣ እባክዎን ዛሬ ቦጋለችን ያስጨሱልን። ከዚህ በላይ አልችልም።»

«እሠራታለሁ» አሉ አባባ ንጋቱ። «ትንሽ ጋደም ብዬ ስነሣ።»

የድሬዳዋን ቀትር ታውቁታላችሁ? በዚያ ሰዓት ዶሮ እንቁላል ስትጥል ተቀቅሎ ነው የሚወጣው!

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ከተማው በሙሉ ጋደም ይላል።

ኾርርር… ፊይይይ… ኾርርር… ፊይይይ…

እማዬ ተኛች። ኦብሳ ተኛ። አዴ ዘይነባ ተኙ። አባባ ንጋቱም ቆባቸውን ዐይናቸው ላይ ደፍተው ተኙ።

የቀረችው ማን ናት? ቢፍቱ!

እግሯ ዘለለ። «አባባ፣ አሁንስ?»

«ቆዪ!» ኾርርር…

እጇ ዘለለ። «አባባ፣ አሁንስ?»

«ቆዪ እንጂ!» ኾርርር… ፊይይይ…

ምላሷ ዘለለ። «አባባ፣ አሁንስስስ?»

ኾርርር… ፊይይይ… ኾርርር… ፊይይይ…

ቢፍቱ በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች ቦጋለች ጋ ሄደች። በአንድ ዐይኗ በጭስ ማውጫው አየች። ጨለማ ነው። በጣቷ ነካችው። ክው ብሎ ደርቋል።

«አሃ!» አለች ቢፍቱ። «አናቷ ደርቋል!»

የቢፍቱ አናት ሲደርቅ እማዬ ምን ታደርጋለች? ቅቤ ታደርግላታለች! መሃል አናቷ ላይ፣ ጉብ አድርጋ!

እንግዲህ አናት አናት ነው። የልጅም ይሁን የባቡር።

ቢፍቱ ወደ ጓዳ በረረች። የቅቤውን ዕቃ አነሣች። በጣቷ ዝቅ! በጭስ ማውጫው ጥቅጥቅ!

ዝቅ! ጥቅጥቅ! ዝቅ! ጥቅጥቅ!

«አይዞሽ ቦጋለች፣ አሁን ይሻልሻል።»

ቦጋለች አናቷ ላይ ቅቤዋን ጉብ አድርጋ፣ ሠርግ የተጠራች እመቤት መሰለች።

ቢፍቱ ማብሪያውን ተጫነችው። ጠቅ!

ችክ ችክ! ችክ ችክ! ቅቤው ቀለጠ። በጭስ ማውጫው ወረደ። በሆዷ ገባ። በመንኮራኩሮቿ ወጣ።

ጭስ አለ? የለም!

ሽታ አለ? ኧረ ስንቱ!

መጀመሪያ የአዴ ዘይነባ ድመት በመስኮት ገባች። ሚያው!

ቀጥሎ የከዚራ ድመቶች ገቡ። ሚያው ሚያው! ቀጥሎ የሳቢያን ድመቶች። ቀጥሎ የገንደ ቆሬ ድመቶች፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እየሮጡ ተሻግረው።

ከሐረር የመጡም ነበሩ። እነርሱ እንኳ በሚኒባስ ነው የመጡት።

ቦጋለች ከፊት፣ ድመቶቹ ከኋላ ተሰለፉ። አንዷ የሌላዋን ጭራ ተከትላ፣ ረጅም ባለ ብዙ ፉርጎ ባቡር ሆኑ።

ችክ ችክ! ሚያው! ችክ ችክ! ሚያው!

አንዲት ወፍራም ድመት መንገድ ለማሳጠር በአባባ ንጋቱ ሆድ ላይ ተሻገረች።

አባባ ንጋቱ ብድግ አሉ። «የት ጣቢያ ደረስን?»

አዴ ዘይነባም ሻሻቸውን እያሰሩ ገቡ። «ድመቴን የወሰደ ማነው?» ከዚያ ቦጋለችን አዩ። አፋቸውን ያዙ።

«ኧረ ጉድ ነው! ሹሩባ ልትሠሯት ነው እንዴ?»

ቢፍቱ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። ጣቷ ቅቤ ነው። አፍንጫዋ ቅቤ ነው። ክርኗ እንኳ ቅቤ ነው።

«አባባ… አናቷ ደርቆ ነው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ኦብሳ እንዲተኛ ብዬ ነው።»

አባባ ንጋቱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣ ሲጠብቁ ሳቅ ወጣ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቆባቸው ወደቀ።

«ደርቋልስ ደርቋል፣ የኔ ልጅ። ግን ባቡር የሚያሻት የውስጥ እንጂ የአናት ቅባት አይደለም። ነይ፣ አብረን እንያት።»

አዴ ዘይነባ መጥረጊያ አንሥተው ድመቶቹን ሸኙ። «ውጡ! ሂዱ! የሐረሮቹም፣ መኪናችሁ ሳያመልጣችሁ!»

አባባ ንጋቱ በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉ። ከዚያ ካቻቪቴያቸውን አወጡ።

ኪር ኪር ኪር! አንዱ ብሎን ወጣ። ኪር ኪር ኪር! ሌላውም ወጣ። የቦጋለች ጣሪያ ተነሣ።

ቢፍቱ አፈጠጠች። ውስጧ የጉንዳን ሻይ መጠጫ የምታህል ኩባያ አለች!

በኩባያዋ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተጠምጥማለች። በሽቦዋ መሃል ደግሞ አንድ ክር አለ። ክሩ ተቃጥሎ ከሰል መስሏል።

«አየሽ» አሉ አባባ ንጋቱ፣ «ክሩ ዘይት ይጠጣል። ሽቦዋ ታሞቀዋለች። የሞቀው ዘይት ጭስ ሆኖ ይወጣል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ክሩ አርጅቷል፤ መጠጣት አቅቶታል። ከላይ ደግሞ አንድ ዶክተር መጥታ ቅቤ አፈሰሰችበት።»

«ማን ናት?» አለች ቢፍቱ፤ ክርኗን እየላሰች።

አባባ ንጋቱ አሮጌውን ክር አወጡ። ኩባያዋን በጨርቅ ጠረጉ። በጥርስ ብሩሽ ፈተጉ። ፍት ፍት! ፍት ፍት!

መንኮራኩሮቹን የአዴ ዘይነባ ድመት አጸዳችላቸው። በነፃ!

«አባባ፣ አሁንስ?»

«ቆዪ! ይድረቅ።»

ቢፍቱ ወጥታ ግቢውን ዞረች። ዞረች፣ ዞረች፤ እርሷን ሳይሆን ግቢውን አዞረው። ተመልሳ ገባች።

«አሁንስ?»

«ቆዪ እንጂ!»

በመጨረሻ ደረቀ። አባባ ንጋቱ ከአሮጌ ፋኖስ ላይ ቀጭን ነጭ ክር መዘዙ። ክሩ በሽቦዋ መሃል፣ የመርፌ ዐይን በምታህል ቀዳዳ መግባት አለበት።

አባባ ንጋቱ ሞከሩ። ክሩ ወደ ጎን ሄደ። መነጽራቸውን ጠርገው ሞከሩ። አልሆነም።

«ዐይኔ አንዷን ሽቦ ሁለት አድርጎ ነው የሚያሳየኝ» አሉ። «ቢፍቱ፣ አንቺ አስገቢው።»

«እኔ?»

«አንቺ። ግን ቀስ። ሽቦዋ ከተበጠሰች ሌላ የለንም። ጭስም የለም።»

ልክ በዚያ ጊዜ ከእማዬ መኝታ ቤት «ጭሱስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ኦብሳ ነቅቷል።

ቢፍቱ ክሩን ያዘች። እግሯ ዘለለ። እጇ ዘለለ። ክሩ ሽቦዋን ነካት።

ቲንንን!

«እ!» አሉ አባባ ንጋቱ። «እ!» አለች እማዬ ከበሩ። «እኔ አላይም!» ብለው አዴ ዘይነባ ሻሻቸውን ዐይናቸው ላይ ጣሉ።

ተበጠሰች? አልተበጠሰችም። ግን ለጥቂት!

ቢፍቱ እንደገና ሞከረች። እጇ ጣ! ጣ! ጣ! አለ።

«አልችልም!» አለች። ዐይኗ እንባ ሞላ። «እጄ እንቢ አለኝ፣ አባባ። ቁም ስለው ይብስበታል።»

አባባ ንጋቱ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ባቡር እየሮጠች እያለ ድንገት ‘ቁሚ!’ ብትያት ትቆማለች?»

«አትቆምም።»

«ታዲያ ጣቢያ ስትደርስ እንዴት ነው የምትቆመው?»

ቢፍቱ አሰበች። ከዚያ በቀስታ ጀመረች። «ችክ ችክ ችክ ችክ… ችክ… ችክ…»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እሽሽሽሽሽ ትላለች። እንፋሎቷን ታወጣለች።»

«በይ አንቺም ጣቢያ ግቢ።»

ቢፍቱ ትንፋሽዋን ሳበች። እናንተም ሳቡ። አሁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት።

ችክ ችክ… ችክ… ችክ… እሽሽሽሽሽሽ…

እግሯ ቆመ።

እሽሽሽሽሽሽ…

እጇ ቆመ።

እሽሽሽሽሽሽ…

ምላሷ እንኳ ቆመ! ይህን በሕይወት ዘመኑ ያየ ሰው የለም።

ክሩ ወደ ሽቦዋ ቀረበ። ቀስ… ቀስ… ቀስ… ሹልክ!

ገባ!

«ገባ!» ብላ ቢፍቱ ዘለለች። አዘላለሏን ግን ተዉት፤ ጣሪያው ላይ እስከ ዛሬ የአናቷ ምልክት አለ። የቅቤ!

አባባ ንጋቱ የጭስ ዘይቱን ትንሽ ጠርሙስ ከፈቱ። ጠብ… ጠብ… ጠብ… «በቃ።»

«ይጨምሩላት እንጂ አባባ! ስንት ቀን ተጠምታ!»

«ብዙ ከሰጠናት ሽቦዋ ትሰጥማለች። የሰጠመች ሽቦ ደግሞ አትሞቅም።»

ኪር ኪር ኪር! ብሎኖቹ ገቡ። ጣሪያዋ ተገጠመ። ፀሐይም ገባች።

ማታ ኦብሳ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ለቅሶው ጉሮሮው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሐረር ያሉ ጅቦች እግራቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ። ጅቡቲ ያለው ካፒቴን መርከቡን በገመድ፣ ገመዱን በወገቡ አሰረ።

አባባ ንጋቱ ማብሪያውን ተጫኑ። ጠቅ!

ችክ ችክ! ችክ ችክ! ቦጋለች ዞረች።

ጭስ? የለም።

«ጭሱስ?» አለ ኦብሳ። «አሁንስ?»

«ቆይ!» አለ አንድ ሰው።

ማን መሰላችሁ? አባባ? አይደሉም። እማዬ? አይደለችም። ቢፍቱ ናት!

«ቆይ፤ ሽቦዋ እየሞቀች ነው» አለች። አልጋው ላይ ወጣች። ወንድሟን አቀፈችው።

«አሁንስ?» ከንፈሩ ሊከፈት ነው። ዋ…

«ና፣ እኔና አንተ ጣቢያ እንግባ። እንዲህ በል፦ እሽሽሽሽሽሽ…»

«እሽሽሽ…» አለ ኦብሳ።

«ይበልጥ ቀስ በል። እሽሽሽሽሽሽ…»

«እሽሽሽሽሽሽ…»

ቦጋለች ዞረች። ችክ ችክ… እማዬ ትንፋሽዋን ያዘች።

ከጭስ ማውጫው አንድ ነገር ብቅ አለ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ። ነጭ። ተጠማዝዞ ወጣ።

ከዚያ… ፑፍ!

ፑፍ! ፑፍ! ፑፍ!

«ጭስ!» አለ ኦብሳ። ጭሱ ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ መስኮቱ ላይ የተሰለፉት ድመቶች ግን ቅር አላላቸውም።

«ደህና እደሪ፣ ቦጋለች…» ዐይኑ… ክድን!

እማዬ በሩን ተደግፋ፣ እንደቆመች ተኛች። ከአጥር ማዶ «አልሃምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ኾርርር… ፊይይይ…

አባባ ንጋቱ ለቢፍቱ አንሶላ አለበሷት።

«አባባ፣ ነገ ትልቁን ባቡር እንሠራለን?»

«ይንጋ መጀመሪያ።»

«በበሩ ካልገባስ?»

«ቆዪ፣ እናስብበታለን።»

አባባ ንጋቱ «አሁንስ?» የሚለውን ጠበቁ። አልመጣም። ጎንበስ ብለው አዩ።

እግሯ አይዘልም። እጇ አይዘልም። ምላሷም አይዘልም። ቢፍቱ ጣቢያ ገብታለች።

አባባ ንጋቱ ማብሪያውን ቀስ ብለው ተጫኑ። ጠቅ።

ችክ… ችክ… ችክ… እሽሽሽሽሽሽ…

እናንተም አሁን ጆሯችሁን ልቀቁት። ብዙ ሰምቷል፤ ወደ ቦታው ይመለስና ትራሱ ላይ ጋደም ይበል።

እሽሽሽሽሽሽ…